ቦይለርዎ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣል?

አንኮበር አጠገብ ባለችው ጎረቤላ የጥቅምት ሌሊት ጸጥ ሲል ከቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ጥቂት ነው። ቦይለር ያለበት ቤት ግን አንድ ድምፅ ይጨምራል፦ «ጠቅ»። ቴርሞስታቱ ኤሌክትሪኩን ለቀቀው ማለት ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና «ጠቅ»፤ ቆረጠው። ቧንቧ የከፈተ ሰው የለም፤ የታጠበም የለም። ቤተሰቡ ተኝቷል፤ ቦይለሩ ግን ይነሣል፣ ይተኛል፣ መልሶ ይነሣል።

ይህ ጽሑፍ ያንን መነሣት እንዴት እንደሚቆጥሩት፣ ከቁጥሩ ምን እንደሚያነቡና እንዴት እንደሚቀንሱት ያሳያል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቦይለር ሲባል ብዙ ጊዜ ቤቱን በሙሉ የሚያሞቀው የጋዝ ምድጃ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ነው። ሁለቱም ያለ ሥራ ቶሎ ቶሎ መብራትና መጥፋት ይጎዳቸዋል። ውጭ አገር ዘመድ ላለው አንባቢ ስለ ጋዙም ወደ መጨረሻው ጥቂት እላለሁ።

እንደ ጎረቤላና ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም አገር ጉዳዩ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ የሚወርድበት ሌሊት አለ፤ ከሮቶው የሚመጣው ውሃም ጣት ያደነዝዛል። ቦይለሩ ያን ውሃ ማሞቅ ብቻ ሳይሆን የሞቀውን በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ጠብቆ ማቆየት አለበት። የሸዋ ነገሥታት ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ሜዳው ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱን ወደዚያ ከሳቡት ነገሮች አንዱ ፍል ውሃው ነበር። ደጋ ላይ ሙቅ ውሃ ዱሮም ውድ ነበር።

ከሁሉ በፊት

ምንም ከመለካትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ቦይለሩ የኧርዝ ሽቦ አለው? ሲታጠቡ ቧንቧው ወይም የሻወሩ ራስ ትንሽም ቢሆን ከነዘረዎት ብሬከሩን ያጥፉ፤ ኤሌክትሪሽያን እስኪያየው ድረስም አያብሩት። «ትንሽ ነው የሚነዝረው፣ ለምደነዋል» የሚባል ነገር የለም። እርጥብ ሰውነት ላይ ትንሹም ይገድላል። ቀጥሎ ብሬከሩን ይዩ። 1,500 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር፣ 2,000 ዋቱ ደግሞ ወደ 9 አምፔር ይስባል። ስለዚህ ለብቻው የተዘረጋ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከሆነ፣ ወይም በስፒና ተሰክቶ ስፒናው የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው። የቦይለሩን ክዳን የሚከፍት ማንም ሰው ብሬከሩን አጥፍቶ፣ በቴስተር አረጋግጦ ይክፈት።

ያለዎትን ዕቃ ይወቁ

ከቦይለሩ ሥር ወይም ጎኑ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። ሦስት ቁጥር ይገልብጡ፦ ሊትሩን፣ ዋቱንና የግፊቱን መጠን። ከሁለቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች ቦይለርዎ በትክክል ሲሠራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ይወጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሊትሩን ውሃው በሚጨምረው ዲግሪ ያባዙ፤ ያንን በ0.00116 ያባዙ፤ የሚያገኙት ኪሎዋት ሰዓት ነው።

አንድ 50 ሊትር ቦይለር እንውሰድ። ውሃው በ14 ዲግሪ ገብቶ 60 ዲግሪ ይድረስ፤ ጭማሪው 46 ነው። 50 በ46 በ0.00116 ሲባዛ 2.67 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ማሞቂያው፣ ማለትም ባለሙያዎች ሬዚስታንስ የሚሉት ብረት፣ 1.5 ኪሎዋት ከሆነ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ይያዙት።

አሁን ቆጣሪውን ይጠይቁት። የካርድ ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበልጭ የሚናገር ቁጥር ተጽፏል። 1600 ከሆነ 1.5 ኪሎዋት የሚስብ ቦይለር ብቻውን ሲሠራ በደቂቃ 40 ጊዜ ትበልጫለች። ሌሎቹን ብሬከሮች አጥፍተው፣ ቦይለሩን ብቻ ትተው አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። በእርስዎ ቆጣሪ ላይ የተጻፈው ሌላ ቁጥር ከሆነ በዋቱ አባዝተው ለ60,000 ያካፍሉት፤ በደቂቃ የሚጠበቀው ብልጭታ ይወጣል።

ብልጭታው ከሚጠበቀው በጣም ካነሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቦይለሩ አይደለም፤ ቮልቴጁ ወርዷል። ማሞቂያ ብረት በቮልቴጅ መውረድ ክፉኛ ይዳከማል። 220 መሆን የነበረበት 180 ሲደርስ 1,500 ዋቱ ወደ 1,000 ዋት ይወርዳል፤ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይፈጅ የነበረውም ከሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋል። የፈጀው ኤሌክትሪክ ግን ያው ነው፤ የረዘመው ጊዜው ብቻ ነው። «ቦይለሩ ደከመ» ብሎ ትልቅ ዋት ያለው ማሞቂያ ብረት ማስገባት ስሕተት ነው፤ ቮልቴጁን የባሰ ያወርደዋል፣ ሽቦውንም ያግለዋል።

ሌሊቱን ይቁጠሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ማንም ሊሠራው ይችላል።

ማታ ሁሉም ከታጠበ በኋላ ቦይለሩን ያብሩና ሞልቶ ሞቆ ራሱ እስኪያጠፋ ይጠብቁ። ከዚያ ለምሳሌ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ማንም ሙቅ ውሃ እንዳይከፍት ያድርጉ። አብዛኞቹ ቦይለሮች ውሃ በሚያሞቁበት ጊዜ ብቻ የምትበራ ትንሽ መብራት አላቸው። ስልክዎን ቻርጀር ላይ አድርገው ከመብራቷ ፊት ለፊት ያቁሙትና ጊዜን አሳጥሮ የሚቀርጸውን የቪዲዮ ዓይነት ይክፈቱ። በካሜራው ውስጥ አብሮ የሚታይ የግድግዳ ሰዓት ቢኖር ጥሩ ነው። የእርስዎ ቦይለር መብራት ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ የማትጠፋ ከሆነች የስልኩን ድምፅ መቅጃ ይጠቀሙ፤ «ጠቅ» የምትለው ድምፅ በግልጽ ትያዛለች።

ጠዋት ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ስንት ጊዜ ተነሣ? በድምሩ ስንት ደቂቃ ሠራ? ሁለቱን ማምታታት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ ለየብቻ ይያዟቸው። ድምሩ የኪስ ጉዳይ ነው፤ ብዛቱ የዕቃው ጉዳይ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። 1.5 ኪሎዋቱ ቦይለር በ12 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ተነሥቶ በየጊዜው 12 ደቂቃ ቢሠራ ድምሩ 36 ደቂቃ ነው፤ ይህም 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቀንና ሌሊት ሲደመር 1.8፣ በወር 54 ኪሎዋት ሰዓት። ይህ ሁሉ ማንም ሳይታጠብበት ግድግዳውን ያሞቀ ኤሌክትሪክ ነው። የቤት ታሪፍ በደረጃ የሚጨምር መሆኑን ያስታውሱ፤ የመጀመሪያው ርካሽ ደረጃ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያለ ሥራ የጠፋው ብቻውን ያንን ደረጃ አልፎታል።

ድምሩ ከዚህ ብዙ ከበለጠ ሙቀት የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለ። ድምሩ ትንሽ ሆኖ ብዛቱ ከበዛ፣ ለምሳሌ በየሰዓቱ ለ3 ደቂቃ ብቻ የሚነሣ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ ታሟል። ጤነኛ ቴርሞስታት ውሃው 5 ወይም 10 ዲግሪ ያህል እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይታገሣል። በ50 ሊትር ቦይለር ላይ የ12 ደቂቃ ሥራ 5 ዲግሪ ነው፤ የ3 ደቂቃው ግን ከ1 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። እንዲህ የሚርበተበት ቴርሞስታት በከፈተና በዘጋ ቁጥር የመገናኛ ብረቶቹ ላይ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብረቶቹ ይጠቁራሉ፣ አንድ ቀንም ተጣብቀው ይቀራሉ። ተጣብቆ የቀረ ቴርሞስታት ውሃውን ያለ ማቋረጥ ያሞቃል። በእኛ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በግፊት የተዘጋ ጋን ግን ከዚያም አልፎ ሊሞቅ ይችላል፤ ቧንቧው ሲከፈት እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ቁጥሩን መከታተል ገንዘብ ከማዳን የሚበልጥ ጥቅም አለው የምለው ለዚህ ነው።

ድምሩ ከበዛ

በርካሹ ይጀምሩ። የሙቅ ውሃ ሩቢኔቶችን ሁሉ ይዩ፤ ከሚያንጠባጥበው ሥር ብርጭቆ አስቀምጠው አንድ ሰዓት ይጠብቁ። በሰዓት 200 ሚሊ ሊትር የምታንጠባጥብ ሩቢኔት በቀን ወደ 5 ሊትር ሙቅ ውሃ ታፈሳለች፤ በወር 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ጎማ መቀየር ይበቃል።

ሴፍቲ ቫልቩ ሲያንጠባጥብ ግን ቶሎ አይፍረዱበት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትር ውሃ ከ14 ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ ከግማሽ ሊትር በላይ ቦታ ይጨምራል። ያ ውሃ በቫልቩ ቢወጣ ትክክል ነው። ችግር የሚሆነው ቦይለሩ ጠፍቶም ቀንና ሌሊት ሲንጠባጠብ ነው። በምንም ምክንያት በእንጨትም በላስቲክም አይድፈኑት። ከዚህ ቫልቭ በቀር የሚያብጠውን ውሃ የሚያስተነፍሰው ነገር ላይኖር ይችላል።

ቀጥሎ ቧንቧዎቹን በእጅ ይዳስሱ፤ ከታጠቡ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስገባው ቧንቧ ከቦይለሩ አንድ ክንድ ርቆ ትኩስ ከሆነ ሙቁ ውሃ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። አንዱ ምክንያት ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ መበላሸቱ ነው። ጎረቤላ ላይ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ይህ ብልሽት ሌላ መዘዝም አለው፦ መስመሩ ሲደርቅ ቦይለሩ ወደ ኋላ ተመጥጦ ሊጎድል ይችላል፤ ማሞቂያ ብረቱም ውሃ ሳይኖር በርቶ ይቃጠላል። ሁለተኛው ምክንያት ሻወሩ ነው። በእጅ በሚያዝ ሻወር ጫፍ ላይ ብቻ ውሃውን ዘግተው የግድግዳውን ሩቢኔቶች ክፍት የሚተዉ ከሆነ ሙቁና ቀዝቃዛው እዚያ ይገናኛሉ፤ ሙቁም በቀዝቃዛው መስመር ወደ ሮቶው ሊወጣ ይችላል። የግድግዳውን ይዝጉ፤ ምንም ወጪ የለውም።

የሙቁ ውሃ ቧንቧ ከቦይለሩ ወጥቶ ወዲያው ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ሙቀቱ ራሱ እየተንሳፈፈ በቧንቧው ይወጣል፣ ቀዝቅዞም ይመለሳል። የቧንቧ ሠራተኛው መጀመሪያ ወደ ታች አጥፎ ከዚያ ወደ ላይ ቢያወጣው ያ ዑደት ይቆማል። ይህ ግን ቤት ሲሠራ ወይም ቧንቧ ሲቀየር የሚታሰብ ነው፤ ለእሱ ሲባል ግድግዳ አይፈረስም።

ከዚያ ማልበስ ነው። ከቦይለሩ የሚወጣውን የሙቅ ቧንቧ የመጀመሪያ ሁለት ሜትር፣ የቀዝቃዛውንም የመጀመሪያ አንድ ሜትር ይጠቅልሉ። ገበያ ላይ ለቧንቧ የተሠራ ጥቁር የጎማ ስፖንጅ ካገኙ ይግዙት። ካጡ አገራችን የሱፍ አገር ነው፤ ያረጀ የመንዝ ባና በአራት ጣት ስፋት ተቆርጦ ድርብ ቢጠመጠምና ከላይ በላስቲክ ቢታሰር ጥሩ ይሠራል። ሱፍ ሙቀት የሚይዘው ደረቅ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ላስቲኩ አይቅር። የፍራሽ ስፖንጅ ግን እሳት ቶሎ ስለሚይዝ ከኤሌክትሪክ አጠገብ አላምነውም። ሽቦው የሚገባበትን ክዳን፣ ቴርሞስታቱን የያዘውን ክፍልና ሴፍቲ ቫልቩን በምንም አይሸፍኑ።

ዲግሪውን ያስተካክሉ

ብዙ ቦይለር ተገዝቶ ሲሰቀል መዞሪያው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ይቀራል። መታጠቢያ ቤቱ 12 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 75 ላይ ቢቀመጥ ልዩነቱ 63 ነው፤ 60 ላይ ቢቀመጥ 48። ሙቀት የሚያመልጠው በዚያ ልዩነት ልክ ስለሆነ በከንቱ የሚጠፋው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ከ60 በታች ግን አያውርዱት እላለሁ። ለብ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይራባል፤ 60 ዲግሪ ይገድለዋል። ያው 60 ዲግሪ የሕፃን ገላ በቅጽበት ስለሚያቃጥል፣ ልጅ ሲያጥቡ ቀዝቃዛውን መጀመሪያ ይክፈቱ፤ ሙቁን ቀስ ብለው ይጨምሩበት።

መዞሪያው ላይ ያለውን ምልክት አይመኑ። ጠዋት ከማንም በፊት ሙቁን ከፍተው፣ ግማሽ ደቂቃ አፍስሰው በምግብ ቴርሞሜትር ይለኩ። መዞሪያውን ትንሽ አዙረው በማግስቱ እንደገና ይለኩ። 60 ሲያገኙ ቦታውን በምስማር ጫፍ ጭረው ምልክት ያድርጉበት።

ስለ ሰዓት መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ታይመር፣ የተጋነነ ነገር ይነገራል። ሌሊት ቢያጠፉት ጠዋት የቀዘቀዘውን መልሶ ማሞቅ አለበት፤ ስለዚህ ያተረፉት ውሃው ቀዝቀዝ ብሎ ባደረበት መጠን ብቻ ነው። የመነሣቱን ብዛት ግን ከስድስት ወይም ከስምንት ወደ አንድ ወይም ሁለት ያወርደዋል፤ ለቴርሞስታቱ ዕድሜ ነው። ቤተሰቡ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚታጠብ ከሆነ በቀደመው ሒሳብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቢበራ ይበቃል። በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ብቻ የሚታጠብ ቤት ደግሞ ቦይለሩን በሌሎቹ ቀኖች በብሬከር አጥፍቶ ቢተወው ከማንኛውም መላ የበለጠ ያተርፋል። ታይመር ከገዙ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የማይረሳ፣ ባትሪ ያለውን ይምረጡ። የሚሽከረከረው ርካሽ ዓይነት መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሳምንት ሳይሞላ እኩለ ቀን ላይ ያሞቅልዎታል።

ብዛቱ ከበዛ

ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እርስዎ ግን ምን እንዲያይ እንደሚነግሩት ይወቁ። የቴርሞስታቱ ዘንግ በቱቦው ውስጥ እስከ መጨረሻው ገብቷል? ወጣ ብሎ ከቀረ ወይም ከላላ የሚለካው የውሃውን ሙቀት አይደለም። መገናኛዎቹ ጠቁረዋል? ከጠቆሩ በአሸዋ ወረቀት አይፈጉም፤ ቴርሞስታቱ ይቀየራል። ዋጋው ከቦይለሩ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚቆርጠው መከላከያ ቁልፍ ይሠራል? በየሳምንቱ እሱን እየተጫኑ የሚያስነሡት ከሆነ ቁልፉ እያስጠነቀቀዎት ነው።

ጀበናዎ ወይም የውሃ ማንቆርቆሪያዎ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ቦይለሩም ይይዛል። ቅርፊቱ ማሞቂያ ብረቱንና የቴርሞስታቱን ቱቦ አንድ ላይ ሲለብሳቸው ሙቀቱ እዚያው ይታፈንና ቴርሞስታቱ ገና ውሃው ሳይሞቅ ይቆርጣል፤ ወዲያው ደግሞ ይከፍታል። ቦይለሩ ሲከፈት የማግኒዥየም ዘንጉም ይታይ። ዝገቱን በራሱ ላይ ወስዶ ጋኑን የሚያድነው እሱ ነው፤ ከስቶ ሽቦው ብቻ ከቀረ ይለወጥ።

ለንደን ወይም ቶሮንቶ ላለው ዘመድዎ

የጋዝ ቦይለር የሚርበተበተው ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ፍላጎት ስለሚበልጥ ነው። ለስለስ ባለ ቀን ቤቱ 3 ኪሎዋት ብቻ ሲፈልግ የቦይለሩ ትንሹ እሳት 6 ወይም 7 ኪሎዋት ከሆነ ውሃው ወዲያው ይግላል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ እንደገና ይለኮሳል። ብዙ አዳዲስ ቦይለሮች እሳቱ ስንት ጊዜ እንደተለኮሰና ስንት ሰዓት እንደነደደ ይመዘግባሉ። ሰዓቱን በ60 አባዝቶ ለመለኮሱ ብዛት ማካፈል ነው፤ አንዱ መለኮስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ችግር አለ። ወደ ራዲያተሮቹ የሚሄደውን ውሃ ከ75 ወይም ከ80 ወደ 60፣ ከተቻለም ወደ 55 ዲግሪ ያውርደው። ሙቅ ውሃ የሚያጠራቅም ታንክ ካለ ግን ታንኩ ከ60 በታች አይሁን። ቢያንስ አንዳንድ ራዲያተሮችን ሳይዘጋ ይተዋቸው። ከእሳቱ መጥፋት በኋላ የሚጠብቀውን የእረፍት ደቂቃና የማሞቂያውን ትልቁን ኃይል በቅንብሩ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል፤ የቦይለሩን ሽፋን መክፈት ግን ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው። በብሪታንያ ከሆነ በጋዝ ሴፍ መዝገብ ላይ የሠፈረ ባለሙያ መሆን አለበት።

ወደ ጎረቤላው ቦይለር እንመለስ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ከዚያ ሌላ ሌሊት ይቁጠሩ። ሩቢኔቱን፣ ቧንቧ መጠቅለሉንና ዲግሪውን በአንድ ቀን ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። አንድ ነገር ለውጠው ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የሚከተለውን ሙከራ ያድርጉ፦ ሴፍቲ ቫልቩ ከውሃ መዝጊያው ወደ ቦይለሩ በኩል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከሆነ ብቻ የቀዝቃዛውን መግቢያ ለአንድ ሌሊት ዘግተው ይቁጠሩ። ቁጥሩ በግልጽ ከወረደ ውሃ የሚያልፍበትን ቦታ ገና አላገኙትም፤ ሩቢኔቶቹንና ሻወሩን እንደገና ይፈትሹ። ካልወረደ ሙቀቱ የሚያመልጠው ከጋኑ ራሱ ወይም ከሙቁ ውሃ ቧንቧ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ቦይለሩን ወዲያው አያብሩት፤ የሰፈሩ ምጣድና ፍሪጅ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚነሣ ቮልቴጁ እስኪረጋ አሥር ደቂቃ ይታገሡ።

የመጨረሻውን ቆጠራ በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ያድርጉትና ቀኑን፣ የተነሣበትን ብዛትና የደቂቃውን ድምር በእርሳስ ጽፈው ከብሬከሩ ሳጥን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉት። የሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከዚያ ቁጥር ጋር ያነጻጽሩታል።